አንድ ድስት፣ መቶ ደቂቃ፦ ቶኪዮ ላይ ሻቡሻቡ እንዴት እንደምበላ

ጃፓን ውስጥ የተቆረጠ ሒሳብ ተከፍሎ እስኪጠገብ የሚበላበት ቤት «ታቤሆዳይ» ይባላል። የሱሺ አለ፣ የጥብስ አለ፣ ኬክ ብቻ የሚበላበትም አለ። እኔ በተማሪነቴ የለመድኩት የሻቡሻቡውን ነው፤ ጠረጴዛው መሐል ምድጃ ተገጥሞ፣ መረቅ የያዘ ድስት ተጥዶበት፣ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ሥጋ በቾፕስቲክ እየተነከረ የሚበላበትን። ከላብራቶሪ ልጆች ጋር ሄጃለሁ፣ ካገሬ ልጆች ጋር ሄጃለሁ፣ ፈተና ባለቀ ማግስት ብቻዬንም ሄጃለሁ። እዚያ ቤት ሥጋ አያልቅም። የሚያልቀው ሰዓቱና የድስቱ ግለት ነው። ሁለቱን የያዘ ሰው በወጉ በልቶ ይወጣል፤ ሥጋውን ብቻ የሚቆጥር ግን ሆዱ ተነፍቶ፣ ምን እንደቀመሰ እንኳ ሳያውቅ ይነሣል።

ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን አንብቡ። አንድ ጠረጴዛ የከበበ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ኮርስ መያዝ አለበት፤ «እኔ በልቼ ነው የመጣሁት፣ ሻይ ብቻ» ማለት ብዙ ቦታ አይሠራም። ትንንሽ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በነፃ፣ ከፍ ያሉት በግማሽ ዋጋ ይገባሉ። ባለብዙ ቅርንጫፎቹ ቤቶች ዘንድ ለአንድ ሰው ከ2,000 የን ገደማ ይጀምርና እንደ ሥጋው ዓይነት 5,000 የንንም ያልፋል። ከ2021 ወዲህ ታክስ የተጨመረበትን ዋጋ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ቢሆንም በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ያልተጨመረበት ነው፣ እውነተኛው ዋጋ ከጎኑ በደቃቅ ቁጥር ይቀመጣል። የሥራ ቀን ምሳ ከማታው በደንብ ይረክሳል። ጊዜ ያለው ተማሪ ማታ ለምን እንደሚሄድ አይገባኝም።

ለእኛ ጣጣው ያለው ርካሹ ኮርስ ላይ ነው፤ ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነውና። የበሬ ሥጋ ለማግኘት አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ያስፈልጋል፣ ጠረጴዛው ሙሉ አንድ ኮርስ ስለሚይዝ ደግሞ የእኔ ክልክል የጓደኞቼን ኪስ ይነካል። ስለዚህ ቀጠሮው ሲያዝ ነው የምናገረው። ወንበር ከተያዘ በኋላ ብናገር ሁሉም «ዳይጆቡ፣ ዳይጆቡ» (ችግር የለም) እያሉ ለእኔ ሲሉ ይከፍላሉ፤ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ቤቱንም ሰዓቱንም ለሁሉም እንዲስማማ አድርገው ይመርጡታል። እንዲህ ያለውን ነገር ማቀድ ይወዳሉ።

ከሥጋው ይልቅ የሚያሳስተው መረቁ ነው። ብዙ ቤት ድስቱ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ሁለት ዓይነት መረቅ ይመረጣል። ወተት መስሎ የሚመጣው ከአሳማ አጥንት የተቀቀለ ሊሆን ይችላል፤ «ቶንኮትሱ» የሚል ካያችሁ ነገሩ አበቃ። ጠራ ያለው ከኮምቡ፣ ማለትም ከደረቀ የባሕር አረም የወጣ ነው፤ ግን ደርቆ የተፋቀ ዓሣ የሚጨምሩበትም ብዙ ናቸው። ፖንዙ የሚሉት ኮምጣጣ ማጥቀሻ ውስጥም ዓሣ አይታጣም። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ እኔ አስተናጋጁን «ኮምቡ ብቻ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ቡታኒኩ ሃይቴማስ ካ» ማለት ደግሞ አሳማ አለበት ወይ ነው፤ በቃላችሁ ያዙት። ሙስሊም ጓደኞቼ ከዚህም በላይ ይቸገራሉ፦ ሥጋው ሐላል አይደለም፣ ጣፋጩ የሱኪያኪ መረቅም በተለምዶ ሳኬ የሚባለው የሩዝ አልኮል ይገባበታል።

አሳማ የሚበሉት በአንዱ ክፍል፣ እኔ በሌላው ብለን ስንስማማ ድስቱ ሲጣድ የእኔ ክፍል ወደ እኔ እንዲዞር አደርጋለሁ። ከመሐላ ይልቅ አቀማመጥ ይሻላል፤ ወሬ ሲደምቅ የማንም ቾፕስቲክ ድንበር አያከብርም።

ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ገና ስትቀመጡ ነው። እንደየቤቱ 90፣ 100 ወይም 120 ደቂቃ ይሰጣል፤ የመጨረሻው ትእዛዝ የሚወሰደው ግን ከዚያ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። ትእዛዙ በታብሌት ነው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ታብሌቱ ራሱ ይቆለፋል። እኔ የሚከተለውን ለምጃለሁ፦ ገና ኮት ሳይወልቅ ሥጋው ይታዘዛል፤ ሥጋው እስኪመጣ ሁለት ሰው ተነሥቶ አትክልት ያመጣል፤ አንድ ሰው ድስቱን ይጠብቃል። አንዳንዱ ቤት ሥጋውን የሚያመጣው የድመት ፊት ያለው ሮቦት ነው። ሳሕኑን እስክታነሡለት ቆሞ ይጠብቃል፣ ስታነሡለት ያመሰግናል፣ ከዚያ ዞሮ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚያይ እንግዳ ካላችሁ አምስት ደቂቃ ለፎቶ እንደሚባክን አስቡበት።

አሁን ድስቱ። ከታች የተነጠፈው ኮምቡ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ጣዕሙን ይለቃል፤ ውሃው መፍላት ሲጀምር ይወጣል፣ ከቆየ ያዝለገልጋል። የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኪኩናዬ ኢኬዳ በ1908 ዛሬ ኡማሚ የሚባለውን፣ ከጣፋጭ፣ ከጨዋማ፣ ከኮምጣጣና ከመራራ የተለየውን ጣዕም ለይተው ያወጡት ከዚሁ ከኮምቡ መረቅ ነው። ከኮምቡ ቀጥሎ ጠንከር ያለው አትክልት ይገባል፦ ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ እንጉዳይ፣ የቻይና ጎመን ነጩ ግንድ። ቅጠሉ ኋላ ነው። ቶፉ ዳር ዳር።

ሥጋው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። የመጣውን ሳሕን በአንድ ጊዜ ድስቱ ላይ ሲገለብጥ መፍላቱ ቀጥ ይላል፤ ሥጋው ከበረዶ ብዙም ያልራቀ ስለሆነ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ሁሉም ቾፕስቲኩን ይዞ ይጠብቃል፣ ሰዓቱም ይሄዳል፣ ሥጋውም ተያይዞ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። አንድ አንድ ቁራጭ እየተነከረ፣ ወዲያ ወዲህ እየተባለ ሲወጣ ግን ግለቱ አይወርድም፤ የበሬው በጥቂት ሰከንዶች ይደርሳል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ለአራት ሰው አራት ቁራጭ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ሌላ አራት። መሐል መሐሉን ላዩ ላይ የሚወጣውን አረፋ በወንፊት ጭልፋ መግፈፍ ነው። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ለእኔ ይደርሰኛል፤ ደስ ይለኛል፣ መረቁ እንዴት እየተለወጠ እንደሆነ በደንብ የሚያውቀው ገፋፊው ነው። (አዲስ አበባ ላይ ቤታችሁ ለመሞከር ካሰባችሁ፣ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሁሉም ነገር ትንሽ ጠብቆ ነው የሚበስለው።)

ቁርጥ ለምዶ ያደገ ሰው «ገና ቀይ ነው» ሲሉት ይስቃል፤ እኔም ስቄአለሁ። ጃፓን ግን ጥሬ ሥጋ ላይ የተቆጣችበት ምክንያት አላት። በ2011 ጥብስ ቤት ውስጥ በቀረበ ጥሬ የበሬ ሥጋ አምስት ሰዎች በባክቴሪያ ሞቱ። በ2012 የበሬ ጉበት፣ በ2015 ደግሞ አሳማ በጥሬው እንዳይቀርብ ተከለከለ። የጤና ሚኒስቴሩ ምክር የሥጋው መሐል በ75 ዲግሪ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ሻቡሻቡ ቤት የሚመጣው ሥጋ ለማብሰያ ተብሎ የተዘጋጀ እንጂ የልኳንዳ ቁርጥ አይደለምና፣ የአሳማና የዶሮውን ነገር ለሚበሉት ስነግር አልቀልድም። ጥሬውን የምታነሡበት መቆንጠጫ ለብቻው ይሰጣል፤ በእሱ አንሡ፣ በራሳችሁ ቾፕስቲክ ብሉ።

ቾፕስቲክ ካነሣን ጉርሻን የግድ ማንሣት አለብኝ። ያማረ ቁራጭ ስናገኝ እጃችን በራሱ ወደ ጎረቤታችን ይሄዳል። ጃፓን ውስጥ ምግብ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ማቀበል ነውር ነው፤ ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን የሚለቅመው እንደዚያ እየተቀባበለ ነውና። ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ አቁሞ መትከልም ከሙታን ሥርዓት የመጣ ስለሆነ አይደረግም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቁራጩን በመቆንጠጫው አንሥቶ የጓደኛ ሳሕን ላይ ማስቀመጥ። የላብራቶሪያችን ልጆች አሁን ለምደውኛል፤ ሳሕናቸውን ራሳቸው ወደ እኔ ይገፋሉ።

ማጥቀሻው ዋና ሁለት ነው። የሰሊጡ ወፍራምና ጣፋጭ ነው፣ ቶሎ ያጠግባል። ፖንዙው ኮምጣጣ ነው፣ ጮማውን ይቆርጠዋል፤ ብዙ መብላት የፈለገ ወደ እሱ ያዘንብል። እኔ በጮማው ሥጋ ፖንዙ፣ በቀዩ ሰሊጥ እላለሁ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና የተፋቀ ነጭ ራዲሽ ጨምሬበት። ኪሴ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ብልቃጥ ሚጥሚጣ አለ። ፖንዙ ላይ ቆንጠር አድርጋችሁ ጣል አድርጉበት፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ ቃሪያ ዘይት ምን ሠራ እንደምትሉ አውቃለሁ።

ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በካትሱሺካ ሠፈር የማውቃቸው፣ ጃፓን ያረጁ አንድ ጋሼ አሉ። አብሬአቸው በሄድኩ ቁጥር ሩዙ ጋ ስደርስ «አንተ ልጅ፣ ይኼን ቤትህ አታገኘውም?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ቤቱ የሚያተርፍበት መንገድ ግልጽ ነው። ማብሰሉን እንግዳው ራሱ ይሠራል፤ አትክልቱን ራሱ ያመጣል፤ አሳላፊው ጥቂት ነው፤ ከውጭ በበረዶ የሚመጣው ሥጋ በማሽን ተልጦ ሳሕን ሙሉ መስሎ ይታያል። ከዚያ ዙሪያውን ካሪ በሩዝ፣ ራሳችሁ የምትጋግሩት ዋፍል፣ እንደፈለጋችሁ የምትቀዱት አይስክሬም ይደረደራል። ሆድ እንዳሳዩት ነው፤ ካሪ ካሳዩት በካሪ ይሞላል። ግን «የከፈልኩትን ላስመልስ» ብሎ መግባት ራሱ ያስከፋል ባይ ነኝ። ቤቱን አትበልጡትም፤ እሱ ይህን ሒሳብ ሲሠራ ኖሯል። እንዲህ ያለው አበላል ጃፓን የገባው ቶኪዮ ያለው ኢምፔሪያል ሆቴል በ1958 የስካንዲኔቪያን የቡፌ ገበታ ወስዶ «ቫይኪንግ» በሚል ስም ሲከፍት ነው። ሻቡሻቡም ቢሆን ያረጀ ይመስላል እንጂ ስሙን ያገኘው በ1952 ኦሳካ ውስጥ ሱኤሂሮ በሚባል ምግብ ቤት ነው፤ አበሳሰሉ ከቤጂንግ የበግ ሥጋ ድስት የመጣ ነው።

የተረፈ ይዞ መውጣት የለም፤ «ጠቅልሉልን» አትበሉ። ሳሕን ሙሉ ሥጋ ትታችሁ ብትነሡ ደግሞ ተጨማሪ የሚያስከፍል ቤት አለ። ሁለት ሁለት ሳሕን እያሉ ደጋግሞ ማዘዝ ነው የሚያዋጣው።

አንዱን ክፍል ሱኪያኪ ማድረግም ይቻላል፤ በሶያ ሶስና በስኳር የጣፈጠ መረቅ ነው፣ ሥጋው የሚጠቀሰው በተመታ ጥሬ እንቁላል ነው። ብዙዎቻችን እንቁላሉ ላይ እንሸሻለን። እዚህ አገር እንቁላል ላይ የሚታተመው ቀን በጥሬው ለመብላት የሚሆንበት ቀን ስለሆነ እኔ ደፍሬአለሁ፣ ወድጄዋለሁም። ሥጋ በቡድሃ እምነት ምክንያት ከ675 ጀምሮ በተለያየ ጊዜ በተከለከለበት አገር ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ በ1872 የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ ተነገረ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ለሱኪያኪ መነሻ የሆነው የበሬ ድስት በከተማው የተስፋፋው።

ታብሌቱ ከመቆለፉ በፊት የሚታዘዝ አንድ ነገር አለ፦ መዝጊያው። ሥጋውም አትክልቱም ጣዕሙን ለቆበት መረቁ ያን ጊዜ ነው የሚጣፍጠው፤ እዚያ ላይ ወፍራም የኡዶን ፓስታ ይገባል፣ ወይም ሩዝ ተጨምሮ እንቁላል ይፈስበታል። ለዚህ ብዬ ሥጋውን ቀደም ብዬ አቆማለሁ። ጋሼ ኡዶን ይላሉ፤ እኔ ሩዝ በእንቁላል እላለሁ፤ «ሩዝ ተው ሲሉኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?» ስላቸው «ይኼ ሌላ ነው» ብለው ኡዶኑን ይጫኑታል። ድስቱ ሁለት ክፍል ስለሆነ ሁለቱንም እናዛለን። ሒሳብ ካሼሩ ጋ ነው የሚከፈለው፤ ጉርሻ ለአሳላፊ አይሰጥም፣ ብትተዉትም ረሳችሁ ብሎ ተከትሏችሁ ይሮጣል።