ባዕዱን ዘረመል በሆሄያቱ መለየት

«ኢትዮጵ» የሚለው ላይ የደረሰ አንባቢ ቀጣዩን ፊደል ሳያየው ያውቀዋል፤ «ያ»ን ሲያገኝ ምንም አዲስ ነገር አልተነገረውም። የመረጃ ንድፈ ሐሳብ መሥራቹ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 መረጃን የለካው በዚሁ ስሌት ነው፤ አንድ ምልክት ለግምት ባስቸገረ ቁጥር የሚይዘው መረጃ ይበዛል፣ መለኪያውም ቢት ይባላል። እኔ ይህን ሐሳብ የምሠራበት በአራት ሆሄያት ብቻ በተጻፈው በባክቴሪያ ዲኤንኤ ላይ ነው።

ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ እኩል ድርሻ ካላቸው እያንዳንዱ ሆሄ 2 ቢት ይይዛል። ኬ-12 የተባለው የኢ. ኮላይ (በአንጀት የሚኖር ባክቴሪያ) ዝርያ 4.6 ሚሊዮን ያህል ሆሄያት ሲኖሩት፣ የጂና የሲ ድርሻ 51 በመቶ ገደማ ስለሆነ ከዚህ ጣሪያ እምብዛም አይርቅም። ሙሉ ጂኖሙ፣ ማለትም የዲኤንኤው ጠቅላላ ጽሑፍ፣ 1.2 ሜጋባይት አይሞላም፤ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ትበልጣለች። ጂና ሲ 72 በመቶ በሆኑበት ስትሬፕቶማይሲስ ሴሊከለር በተባለው ባክቴሪያ ግን ኢንትሮፒው፣ ማለትም አንድ ሆሄ በአማካይ የሚይዘው መረጃ፣ ወደ 1.86 ቢት ይወርዳል። እያንዳንዱ ዝርያ እንዲህ የራሱ የአጻጻፍ ልማድ ስላለው፣ ከሌላ ዝርያ የተሻገረ ዘረመል ቋንቋውን ለምዶ ዘዬውን እንዳልተወ እንግዳ ይታወቃል።

ሳልሞኔላን እንውሰድ፤ ታይፎይድን የሚያመጣው ባክቴሪያም የዚሁ ወገን ነው። ወደ አንጀት ሕዋስ ሰብሮ የሚገባበትን መሣሪያ የያዘው የጂኖሙ ክፍል 40,000 ያህል ሆሄያት አሉት፤ በዚያ ክፍል የጂና የሲ ድርሻ 42 በመቶ ሲሆን በጠቅላላው ጂኖም 52 በመቶ ነው። ልዩነቱን ሁለት የአጻጻፍ ልማዶች ምን ያህል እንደሚራራቁ በሚለካው በኩልባክና በላይብለር መለኪያ ሳሰላው ለአንድ ሆሄ 0.03 ቢት እንኳ አይደርስም፤ አንድ ሆሄ ብቻውን ምንም አይናገርም ማለት ነው። የ1,000 ሆሄያት ዘረመል ግን በአማካይ 29 ቢት ያከማቻል፤ ይህም ሆሄያቱ አንዱ ከሌላው ነጻ ቢሆኑ ኖሮ ለባዕድነቱ ከ500 ሚሊዮን ለ1 የሚበልጥ ማስረጃ በሆነ ነበር። ነጻ አይደሉም፤ ስለዚህ ይህን አኃዝ እንዳለ የሚያቀርብ ጽሑፍ ሳነብ አላምነውም።

የመጀመሪያ ፕሮግራሜ ኢ. ኮላይን በ5,000 ሆሄያት መስኮት እየቃኘ ጎልተው የወጡ ቦታዎችን ሲያሳየኝ፣ ባዕድ ዘረመል አገኘሁ ብዬ አንድ ምሽት ሙሉ ደስ ሲለኝ አመሸሁ። በማግስቱ ስመለከት ግን ከነሱ መካከል የራይቦዞም (የሕዋሱ ፕሮቲን መሥሪያ) አርኤንኤ ዘረመሎች ነበሩ። እነዚህ በኬ-12 ውስጥ በ7 ቅጂ የሚገኙ፣ ከሕዋሱ የራስ ንብረቶች ሁሉ ጥንታውያን የሚባሉ ናቸው፤ አጻጻፋቸው የተለየው አርኤንኤው ታጥፎ በሚይዘው ቅርጽ ስለተገደበ እንጂ ከውጭ ስለመጡ አይደለም።

ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ ድምፅ የለውም። ከቅርብ ዘመድ የመጣ ዘረመል ዘዬው አንድ ስለሆነ አይለይም፤ ከሩቅ የመጣውም ቢሆን በአስተናጋጁ ሚውቴሽን (የሆሄያት መለዋወጥ) እየተለወጠ ውሎ አድሮ የአገሩን ልጅ ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ሎረንስና ኦክማን እ.ኤ.አ. በ1998 ከ4,288 የኢ. ኮላይ ዘረመሎች 755ቱ ከሳልሞኔላ ከተለየ ወዲህ የገቡ መሆናቸውን ሲገምቱ፣ የተደገፉበት አንዱ ነገር ይኸው የመላመድ ፍጥነት ነበር።

የሚደንቀኝ ሕዋሱም ይህንኑ ልዩነት ማንበቡ ነው። ኤች-ኤን-ኤስ የተባለው ፕሮቲን ኤና ቲ የበዛበትን ዲኤንኤ እየመረጠ ይይዝና በሳልሞኔላ ውስጥ ከውጭ የገቡ በርካታ ዘረመሎችን ዝም ያሰኛል።

አሁን የራይቦዞም ዘረመሎችን አስቀድሜ አወጣለሁ፤ ከዚያም የቅርብ ዘመድ ጂኖም ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የተጠረጠረው ክፍል በአንዱ ኖሮ በሌላው መታጣቱን ሳላይ ቁጥሩን አልጽፍም።