ከዲስኩ ጋር ያልጠፋው

በግንቦት መጨረሻ፣ ድሬዳዋ ሌሊቱን ጭምር በማይበርድበት ሰሞን፣ የቤታችን መብራት በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ላይ ፕሌይስቴሽኔ አልነሳም አለ። በማግስቱ ታይዋን ገበያ አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ልጁ ክዳኑን ፈትቶ ሃርድ ዲስኩን አወጣና ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ ከዚያም ጆሮውን አስጠግቶ ጥቂት አዳመጠና «አቦ፣ ይሄ ሞቷል፤ ማሽኑ ግን ደህና ነው፣ ሌላ ዲስክ ግዢና እገጥምልሻለሁ» አለኝ። እኔ ግን ያሳሰበኝ ማሽኑ ሳይሆን በሞተው ዲስክ ላይ የነበረው ነገር ነበር።

በዲስኩ ላይ የአምስት ወር ምሽቶቼ ነበሩ። ጅቡቲ የሚሠራው ወንድሜ ለገና ሲመጣ «ጎድ ኦፍ ዋር» የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ጨዋታ ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ ከጥር ጀምሮ ከሥራ ስገባ፣ እራት ከበላን በኋላ፣ እናቴ ስትተኛ ድምፁን ቀንሼ እሱን ስጫወት ከረምኩ። ታሪኩን በሁለተኛው ወር ጨርሼዋለሁ። የቀረውን ጊዜ ያሳለፍኩት ዋንጫዎቹን በመልቀም ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። በፕሌይስቴሽን ጨዋታዎች ውስጥ አንድ የተወሰነ ነገር ሲፈጽሙ በስክሪኑ ጥግ ላይ የዋንጫ ምስል ብቅ ይላል፤ ዋንጫው እንደ ክብደቱ የነሐስ፣ የብር ወይም የወርቅ ሲሆን፣ ሁሉንም ሰብስቦ ለጨረሰ ደግሞ ፕላቲነም የሚባለው ይሰጠዋል። ዋንጫው ከስምዎ ጋር ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ጓደኞችዎም ሊያዩት ይችላሉ። ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ የተገኘ ዋንጫ ግን እስኪመሳሰል፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደ መዝገቡ እስኪላክ ድረስ ያለው በዲስኩ ላይ ብቻ ነው። ለፕላቲነሙ አንድ ዋንጫ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። በስልኬ ኢንተርኔት አገናኝቼ የያዝኩትን በየጊዜው ማመሳሰል እችል ነበር፤ ሆነ ብዬ ተውኩት፤ ወንድሜ አንድ ቀን ዝርዝሬን ሲከፍት ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ከነፕላቲነሙ ተደርድሮ እንዲያየው ስለፈለግኩ። ስለዚህ ዲስኩ ሲሞት የነበረኝ ሁሉ አብሮት ሄደ፤ ያን ምሽት ለእናቴ እንኳን በቅጡ ማስረዳት ያልቻልኩት ኀዘን ያዘኝ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ኀዘን ምክንያት ራሴን አጥብቄ ስለጠየቅኩ ነው፤ ዋንጫ ማሳደድ የሚገባ ነገር ነበር ወይስ አልነበረም? ጥያቄው ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ከሥራ የሚተርፈኝ ጊዜ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።

ሐረር ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ብዙ ሳይርቅ ነበር። በሰፈራችን የፕሌይስቴሽን ቤት የነበረው ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ያለው ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ወንድሜ እጄን ይዞ ካላስገባኝ በቀር ሴት ልጅ ብቻዋን ደፍራ የምትገባበት አልነበረም። ሕጉ አሸናፊው ይቀመጣል፣ ተሸናፊው ከፍሎ ይነሳል የሚል ነበር። በዚያ በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ዋንጫ የሚባል ምዝገባ አልነበረም፤ ሆኖም አንድ ልጅ አምስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ከተቀመጠ አግዳሚው ላይ የተሰለፈው ሁሉ ያውቀዋል፤ በማግስቱም ትምህርት ቤት ይወራለታል። ማስረጃው ያዩት ሰዎች ናቸው።

ሰው ብቻውን ቤቱ ሆኖ ሲጫወት ግን የሚያይለት የለም፤ ዋንጫዎቹ የተፈጠሩትም ይህን ክፍተት ለመሙላት ይመስለኛል። ፍላጎቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አታሪ 2600 በተባለው የጨዋታ ማሽን ዘመን፣ አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ የተወሰነ ነጥብ ያስመዘገበ ተጫዋች የቴሌቪዥኑን ስክሪን ፎቶ አንስቶ በፖስታ ቢልክለት፣ ልብስ ላይ የሚሰፋ የጨርቅ ምልክት ይልክለት ነበር። «ፒትፎል» በተባለው ጨዋታ የሚፈለገው 20,000 ነጥብ ነበር። ፊልሙ እስኪታጠብ፣ ደብዳቤው ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚጠብቀውን ልጅ ሳስበው እቀናበታለሁ። ኤክስቦክስ 360 እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ምዝገባውን ከማሽኑ ጋር አዋሃደው፤ ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ በ2008 ዋንጫዎቹን ይዞ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ፎቶ አይልክም፤ ማሽኑ ራሱ ምስክር ሆነ።

ሐረር ሳለሁ ከእናቴ ጋር ቡና ለመጠጣት የምንሄድባቸው አንዲት የሐረሪ ጎረቤት ነበሩ፤ ቤታቸው ጀጎል ውስጥ ነው። ወደ ሐረሪ ቤት የገባ ሰው እንደሚያውቀው ነደባው፣ ማለትም ከፍ ብሎ የተሠራው መደብ ላይ ሲቀመጡ ዓይንዎ በቀጥታ የሚያርፈው በግድግዳው ላይ፣ ከላይ እስከ ታች በተሰቀለው ስፌትና ሳሕን ላይ ነው። በልጅነቴ ያን ግድግዳ ለመታየት ብቻ የተሠራ አድርጌ አየው ነበር። አንድ ቀን ግን አሮጌ ስፌታቸውን የበላው ነገር ኖሮ፣ እሱን የመሰለ ሌላ ሲጀምሩ ደረስን። የስፌቱን ሣር እየጠቀለሉ፣ ወስፌውን እየሰኩ፣ ከእናቴ ጋር ወሬውን ሳያቋርጡ፣ የቀለሙን አጣጣል አንድም ጊዜ ቀና ብለው ከምንም ነገር ሳያነጻጽሩ ይሰፉት ነበር። የተበላው ስፌት ጥግ ላይ ተጥሏል። ትዝ የሚለኝ የወስፌው ጫፍ ገብቶ ሲወጣ የሚያሰማው ትንሽ የጭረት ድምፅና ከግራ አውራ ጣታቸው ጎን የደደረው ቆዳ ነው። ዲስኬ በሞተ በሳምንቱ ያ ጣት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ዕቃው ቢጠፋም እጃቸው ያውቀው ነበር፤ የእኔስ እጅ ምን ያውቃል?

አዲስ ዲስክ ገዝቼ ጨዋታውን ከመጀመሪያው የጀመርኩት ይህን ለማወቅ ነው ማለት እችላለሁ። በዚያው የክብደት ደረጃ፣ ከባዶ ጀመርኩት፤ መልሱም እኔ ከጠበቅኩት ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ወጣ።

ከዋንጫዎቹ አንዱ የሚገኘው ቫልኪሪ የሚባሉትን ዘጠኝ ክንፍ ያላቸው ሴት ተዋጊዎች ላሸነፈ ነው፤ ስምንቱን ካሸነፉ በኋላ የምትመጣው ንግሥቲቱ ሲግሩን ናት። በመጀመሪያው ዙር ሲግሩንን ያሸነፍኳት ለሦስት ሳምንታት፣ ከአርባ በላይ ሙከራ አድርጌ ነው። ቀይ ክብ ሲያበራባት በጋሻ መመከት አይቻልም፣ መሸሽ ብቻ ነው፤ ቢጫ ሲሆን ደግሞ የመከተውን ሰው ጋሻ ከፍታ ታጋልጠዋለች። ከሁሉ የሚከፋው ወደ ሰማይ ተነሥታ «ቫልሃላ» ብላ ከጮኸች በኋላ በሙሉ ክብደቷ የምትወርድበት ነው፤ ቶሎ ብዬ ከተንከባለልኩ ትደርስብኛለች፣ ከዘገየሁም ያው ነው። ከብዙ ሽንፈት በኋላ እሷን ማየት ትቼ ጩኸቱን መስማት ጀመርኩ፤ ከጩኸቱ እስከ መውረዷ ያለችውን ቅጽበት ጣቴ ለየው። በሁለተኛው ዙር፣ ከወራት በኋላ፣ ፊቷ ስቆም እጄ ያን ቅጽበት እንደያዘ ነበር፤ በአራተኛው ሙከራ ወደቀች። ስትወድቅ የወጣውን ዋንጫ እንኳን በቅጡ አላየሁትም፤ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ መዳፌን ሳየው ቆየሁ።

ሌላው ዋንጫ በዓለሙ ውስጥ የተደበቁትን የጥንቱ የሰሜን አውሮፓ አምላክ የኦዲንን ሃምሳ አንድ ቁራዎች በሙሉ በመጥረቢያ ወርውሮ ለገደለ የሚሰጥ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሦስቱን በራሴ አገኘኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና የተቀሩትን አርባ ስምንት በስልኬ ላይ የተጫነ ቪዲዮ እያየሁ፣ ቪዲዮውን አቁሜ፣ የተባለው ቦታ ሄጄ፣ ወርውሬ፣ ቪዲዮውን መልሼ እየቀጠልኩ ጨረስኳቸው። አራት ምሽት ፈጀብኝ። በሁለተኛው ዙር በእነዚያ ቦታዎች ሁሉ ሳልፍ፣ በቪዲዮ ከመራኋቸው ከአርባ ስምንቱ የአንዱን እንኳን ቦታ አላስታወስኩም። ሦስቱን ግን አስታወስኳቸው፤ አንዱን በተለይ፣ በሐይቁ ላይ ስቀዝፍ ጩኸቱን ሰምቼ፣ ጀልባዬን ዳር አስጠግቼ ወርጄ፣ አንገቴን ወደ ላይ አቅንቼ፣ በገደሉ ራስ ላይ አረንጓዴ ብርሃን ለብሶ እስካየው ድረስ የዞርኩበትን ስፍራ፣ ድንጋዩን ጭምር አውቄዋለሁ።

በዝርዝሩ ላይ ሁለቱም ዋንጫዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ማንም ቢያያቸው ሁለቱም እኩል የእኔ ናቸው። ዲስኩ ባይሞት ኖሮ እኔም በዚሁ አምኜ በኖርኩ። አሁን ግን አንደኛው የእኔ እንደነበረ፣ ሌላው ደግሞ አራት ምሽት ወስዶብኝ ምንም ሳይተውልኝ እንደሄደ አውቃለሁ፤ የአራቱ ምሽት ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። በእነዚያ ምሽቶች እናቴ ገና አልተኛችም ነበር፤ በረንዳ ላይ ነፋስ ፍለጋ ተቀምጣ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ «መጣሁ» ብያት አልሄድኩም።

ከዚህ ጋር የተያያዘና ለረጅም ጊዜ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ዋንጫ ማሳደድ ከጀመርኩ ወዲህ አዲስ ጨዋታ ስከፍት አስቀድሜ የማደርገው የዋንጫዎቹን ዝርዝር ማንበብ ነበር፤ ጨዋታውም ገና ሳይጀመር መሥሪያ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ እንደሚጠብቀኝ መዝገብ ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች በስታንፎርድ መዋዕለ ሕፃናት መሳል የሚወዱ ልጆችን በሦስት ከፍለው ያደረጉትን ጥናት ሳነብ ነው የገባኝ። ለአንደኛው ቡድን «ብትስሉ የወርቅ ኮከብና ጥብጣብ ያለበት የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» ተብሎ አስቀድሞ ተነገረው፤ ሁለተኛው ሳይነገረው ከሳለ በኋላ ድንገት ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ በነጻነት ሲጫወቱ ሲታዩ፣ ሽልማቱ አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች ለመሳል የሰጡት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሽልማቱ በድንገት የመጣላቸው ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም።

እኔ በዚህ ውስጥ ያየሁት ሽልማቱ ራሱ እንዳልጎዳቸው ነው፤ የጎዳቸው አስቀድመው እሱን እያሰቡ መሳላቸው ነው። ስለዚህ ዋንጫን አልተውኩም፤ መተውም አልፈልግም። ሲግሩን የምትባል ጠላት መኖሯን ያወቅኩት ከዚያው ዝርዝር ነው፤ ዋንጫው ባይኖር ታሪኩን ጨርሼ ጨዋታውን ለወንድሜ እመልስለት ነበር፤ ጣቴም ያንን አይማርም ነበር። አሁን የማደርገው ታሪኩን እስክጨርስ ዝርዝሩን አለመክፈት ነው። ስከፍተውም እያንዳንዱን የምለካው ዲስኩ ነገ ቢሞት ምን ይቀርልኛል በሚለው ነው። ቪዲዮ ዘርግቶ መልቀምን የሚጠይቀውን እተወዋለሁ፤ ፕላቲነሙ ሳይገኝ ቢቀርም ግድ የለኝም።

ይህን ለማለት የቻልኩት ወንድሜ ጋር ከደወልኩ በኋላ መሆኑን ግን መደበቅ አልፈልግም። ዲስኩ የሞተ ጊዜ አልነገርኩትም ነበር፤ የሚያየው ነገር ሳይኖር ምን ብዬ እነግረዋለሁ ብዬ ነው። ባለፈው እሑድ፣ ሲግሩንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፍኩ በማግስቱ፣ ደወልኩለትና ከመብራቱ መጥፋት ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት።

«በስንተኛው ጣልሻት?» አለኝ።

«በአራተኛው።»

ዝም አለ። እሱ ለወራት ታግሏት፣ ሳያሸንፋት እንደተዋት ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። አመሳስዪና አሳዪኝ አላለኝም። «አንቺ፣ ያቺ ወደ ሰማይ ስትነሣ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም የመውረዷን ቅጽበት በስልክ፣ በአፌ እየቆጠርኩ፣ ጩኸቱን ራሴ እየጮህኩለት ሳስረዳው እናቴ ምን ሆንሽ ብላ ከበረንዳው ተነሥታ መጣች።

በዚህኛው ዙር እስከ ትናንት ዘጠኝ ቁራ አግኝቻለሁ። ዘጠነኛው ትናንት ማታ ከአንድ የፈረሰ ቤተ መቅደስ ጀርባ ጮኸ፤ ወደዚያ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር።