ጋራዥ ውስጥ ያማረ ድምፅ

የሞተር ሳይክል ጥገና ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ረጅም መንገድ የሚጓዙ አንድ ትልቅ ሰው ባለሁለት ሲሊንደር ሞተራቸውን ይዘው መጡ። የፋብሪካው ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ከውስጥ በዝገት ተበልቷል። «በዚያው ድምፁ ወፈር ቢልልኝ» አሉ። እኔም የምጠብቀው ይህንኑ ነበር። ሦስት ማርሚታ እያፈራረቅሁ፣ ሞተሩን ባለበት አቁሜ ነዳጅ እየሰጠሁ አሰማኋቸው። ሁለታችንም አጭሩን ወደድነው፤ መሃሉ የተበሳሳ ቀጥ ያለ ቱቦ፣ ዙሪያው በፋይበርግላስ የታጨቀ። አፉ ላይ ያለችውን ድምፅ መቀነሻ ሳይቀር «ታፍነዋለች» ብዬ ፈታኋት። ማንም አላዘዘኝም፤ ለጋስ መሆኔ ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ተመለሱ። ወይዘሮዋ ሄልሜታቸውን ሳያወልቁ «ልጄ፣ የገጠምክልን ማርሚታ ነው ወፍጮ?» አሉኝ።

አስነሳሁት። ያው ያማረ ድምፅ ነው። ግራ ገብቶኝ ስቆም ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ መጡና «ሻንጣዎቹን እንደታሰሩ ተዋቸው። እኔ ልንዳው፣ አንተ ከኋላ ውጣ» አሉኝ።

በዝግታ ስንሄድ ምንም የለም። በመጨረሻው ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ሲረጋ ግን መጣ። ድምፅ ከምለው ግፊት ብለው ይሻላል፤ ደረቴን ይዞ ጥርሴ ድረስ ይነዝረኛል። 4,500 ላይ ጠፋ። ጋሼ ሆን ብለው ወደ 4,000 መለሱት፣ እንደገና መጣ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሚነዱት በዚህችው ዙር ላይ ነው!

ስንመለስ ጋሼ ምክንያቱን ዘይት በጠጣ ካርቶን ላይ ጻፉልኝ። ባለአራት ምት ሞተር ውስጥ አንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንዴ ይፈነዳል፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች ሲደመሩ በአንድ ዙር አንድ ፍንዳታ ማለት ነው። 4,000 ለ60 ሲካፈል በሴኮንድ 67 ገደማ። ይህ በጣም ወፍራም ድምፅ ነው። ፋይበርግላሱ ቀጭኑን ጩኸት ይመጥጣል እንጂ እንዲህ ያለውን ብዙም አይዘውም፤ ለእሱ ሰፊ ሆድና በክፍል በክፍል የተከፈለ ውስጥ ያለው ማርሚታ ያስፈልጋል። ባለበት ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ሞተሩ ጭነት ስለሌለበት የሚስበው አየር ትንሽ ነው፤ እኔ ያሰማኋቸው ድምፅ መንገድ ላይ ከሚሰሙት ጋር አይገናኝም። ማርሚታው ላይ የታተመው ዴሲቤልም (የድምፅ ኃይል መለኪያው) ብዙ አይረዳም፤ ቆሞ ሲለካ ማይክሮፎኑ የሚደረገው ከጭስ ማውጫው አፍ 50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ በ45 ዲግሪ ነው። እዚያ ጆሮውን የሚያስቀምጥ ተሳፋሪ የለም።

ጆሮ ላይ ያለውን ሒሳብም ያን ቀን ነው የሰማሁት። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ከቻልን፣ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። በዚያ ላይ ሄልሜቱን የሚመታው ንፋስ አለ።

የቀኙን ሻንጣ ስፈታ ሌላ ጉድ ወጣ። ሥሩ እንደ ሰም ለስልሷል፤ ጣቴን ብጭነው ሰረጎደ። አጭሩ ማርሚታ አፉ ሻንጣውን አልፎ አይወጣም፣ ከሥሩ ነው የሚያልቀው። ስገጥም ሻንጣው አልታሰረም ነበር፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አፉ ከሻንጣው ኋላ የሚወጣ፣ ክፍሎች ያሉት ረጅም ማርሚታ ገጠምን። ይከብዳል፤ መልኩም እንደዚያኛው አያምርም። አሁን ግን ባልና ሚስቱን አስቀምጠን፣ ሻንጣዎቹን ሞልተን፣ 4,000 ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል አስነዳናቸው። ሲመለሱ ሰውየው ቅር ብሏቸው «ትንሽ አላነሰም?» አሉ።

ወይዘሮዋ ሄልሜታቸውን እያወለቁ መለሱላቸው፦ «ካነሰህ አንተ ከኋላ ተቀመጥ፣ እኔ እነዳለሁ።»