ቡችላ ልናይ ሄደን ነበር

ዛሬ ከእህቴ ልጅ ጋር እዚሁ አዳማ ፍሬንች ቡልዶግ ቡችላ ልናይ ሄድን። ሻጩ ቡችላውን አቅፎ በር ላይ ጠበቀን። "እናቱስ?" ስለው "ሌላ ቦታ ናት" አለኝ። እኔ እዚያው ተስፋ ቆረጥኩ።

የዚህ ዝርያ ትልቁ ጣጣ አፍንጫው ነው። ፊታቸው አጭር ስለሆነ ብዙዎቹ ለመተንፈስ ይቸገራሉ። ሙቀት ደግሞ ጠላታቸው ነው፤ የአዳማን ሚያዝያ አስቡት! ለዚህ ነው እናትየውን ማየት የግድ የሚሆነው። ትንሽ ሮጣ ስትመለስ ታንኮራፋለች? የአፍንጫዋ ቀዳዳ ጠባብ ነው? ብዙ ጊዜ የሚወልዱትም በኦፕራሲዮን ነው። ስለዚህ ደህና አርቢ "ስንቴ ወለደች?" ሲባል አይቆጣም።

የክትባት ካርድ ጠየቅን፤ "ይመጣል" ተባልን። ዕድሜው 6 ሳምንት ነው አለ። ከ8 ሳምንት በፊት እኮ ከእናቱ መለየት የለበትም! ሰውዬው ግን "ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ሰው ይወስደዋል" እያለ ያጣድፈናል። "ሰማያዊ" የሚሉት ግራጫማ ቀለም ብርቅ ነው ብሎም ዋጋ ቆለለበት። (ብርቅ ቀለም ጤና አይሆንም፣ በነገራችን ላይ።)

ልጁ አኩርፏል። ነገ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄደን የሚያውቀው አርቢ ካለ እንጠይቃለን። እናቱን አሳይቶ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።