ሃመድ ኤላ ያደርኩባት ሌሊት

ከመቀሌ ተነስተን በበራህሌ በኩል ነው አፋር ውስጥ ወዳለችው ሃመድ ኤላ መንደር የወረድነው። አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወስድሃል፤ ጆሮህ ይደፈናል። ታች ስትደርስ ከባህር ወለል 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለሃል። ከመኪና ስወርድ ነፋሱ እንደ ምጣድ ወላፈን ፊቴን ለበለበኝ። በእጄ የያዝኩት ሃይላንድ ውሃ ለሻይ ደርሷል።

ሃመድ ኤላ ማለት የሃመድ ጉድጓድ ማለት ነው አሉኝ። ጎጆዎቹ ከእንጨትና ከሰሌን የተሠሩ ናቸው። ጥላ የሚሆን ዛፍ ፈለግሁ፤ ወፍ የለም። እዚያው አጠገብ ዳሎል ላይ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተለካው አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ያልፋል። ልብ በሉ፣ ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ ነው። ያደርነው ደጅ፣ በገመድ አልጋ ላይ ነው።

ሰው እዚህ ምን ያኖረዋል? ጨው። ድሮ ቀይ ባሕር እዚህ ድረስ ይገባ ነበር፤ ተቆርጦ ሲቀር ደረቀና ጨዉን ትቶ ሄደ። ያ ጨው ነው አሞሌ ሆኖ አገሩን ሁሉ እንደ ገንዘብ የዞረው። ጣሊያኖች ደግሞ ፖታሽ የሚባል የማዳበሪያ ማዕድን ፍለጋ መጥተው ነበር። ዳሎል ላይ የነበረው የማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ፈርሷል፤ ግድግዳው ራሱ የጨው ጡብ ነው። ዝናብ ቢበዛ ኖሮ ይሄኔ ሟሙቶ ነበር።

ጠዋት ጨው ሜዳው ላይ ወጣን። አንዱ በመጥረቢያ ይሰነጥቃል። ሌሎቹ አጣና ሰክተው፣ እኩል እየጮሁ ይፈነቅሉታል። አንድ አዛውንት ቁጢጥ ብለው ይጠርባሉ። ሜትር የለ፣ ገመድ የለ፤ በዓይናቸው ብቻ። አሞሌዎቹ ሲደረደሩ ግን አንዱ ካንዱ አይበልጥም። እጃቸው በጨው ተሰነጣጥቋል።

ከጎናቸው ግመሎች ተንበርክከው ጭድ ይበላሉ። ሣር ስለሌለ ጭዱን ራሳቸው ተሸክመው ነው የሚወርዱት። ለመልሱም መንገድ ላይ እያስቀመጡ ይመጣሉ። እኔ እነሱን ፎቶ ለማንሳት ስሯሯጥ ጨው የጫነ አይሱዙ አቧራውን አልብሶን አለፈ። ተናደድኩ፤ ፎቶዬ ተበላሸ።

አዛውንቱ ሳቁ። የሆነ ነገር አሉ፤ አስጎብኚያችን ተረጎመልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ግመሏ በቀናት የምትሄደውን እሱ ዛሬ ይገባል። እሱን አታነሳም?»