ዝም ያለው ጌጅ

ታኅሣሥ 17፣ ማታ

ክንዴ እስከ ትከሻዬ ይጠዘጥዘኛል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከዋና ገንዳው ማጣሪያ አሮጌ አሸዋ ስናወጣ፣ አዲስ ስንሞላ ዋልን። ሳልተኛ ልጻፈው፤ ካደረ እንዲህ አይታየኝም።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ክረምቱ እንደወጣ ገንዳው ደፈረሰ። አረንጓዴ አልሆነም፤ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ነው የመሰለው። ክሎሪኑን ለካሁ፣ ደህና ነው። የአሲድነት ልኩ፣ ፒኤቹም፣ 7.4፤ እሱም ደህና ነው። የማደርገው ባጣ ክሎሪን ጨመርሁ፤ ምንም አልተለወጠም። ማጣሪያውን ግን አልጠረጠርሁትም፤ ምክንያቱም የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ አይንቀሳቀስም ነበር። ማጣሪያ ቆሻሻ ሲይዝ ግፊቱ ይወጣል፤ ንጹሕ በነበረበት ጊዜ ካነበብነው በግማሽ ባር ገደማ ከፍ ሲል ውሃውን በግልባጭ ልከን እናጥበዋለን፣ ባክዋሽ የምንለውን ማለት ነው። ድሮ በሳምንት በአሥር ቀን «እጠቡኝ» ይል የነበረው ጌጅ ወር ሙሉ 0.8 ባር ላይ ተተክሎ ሲቀር እኔ ደስ አለኝ። ገንዳው ዓይኔ ሥር ደፍርሶ እያየሁት የጌጁን ቃል አመንሁ።

ዛሬ ቡሎኖቹን ፈትተን የውሃውን መንገድ የሚያዞረውን ቫልቭ ከላይ ስናነሳ ገባኝ። የአሸዋው ፊት ዝርግ መሆን ነበረበት። ዙሪያውን ከማጣሪያው ጋን ግድግዳ ተላቆ ሰርጉዷል፤ ወደ መሃሉ ደግሞ ክንዴን እስከ ክርኔ የሚውጡ ሦስት ጉድጓዶች አሉ። የቀረው ጓል ነው። በጣሳ ስጭረው እንደ ክረምት ማሳ ጭቃ እየተገመሰ ይወጣል። ሽታውንም አልረሳውም፤ የሰው ቅባት፣ የጸሐይ መከላከያ ክሬም፣ የከረመ እርጥበት።

ውሃው ከላይ ገብቶ በአሸዋው መሃል ቁልቁል መውረድ፣ ከሥር ባሉት ስንጥቅ ስንጥቅ የፕላስቲክ እግሮች ተጣርቶ መግባትና በመሃሉ ቧንቧ መውጣት አለበት። አሸዋው ጓል ሲሆን ውሃው ትቶት በጉድጓዱና በግድግዳው በኩል የራሱን መንገድ ቆፈረ። ግፊት የሚወጣው የሚከለክለው ነገር ሲኖር ነው። የእኛን ውሃ የሚከለክለው አልነበረም። ያ ሁሉ ዝምታ ከዚህ የመጣ ነው።

አሸዋው ገና የ2 ዓመት ነው። ደህና የማጣሪያ አሸዋ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል። ይኼኛው ያልቆየበትን ምክንያት ከማንም በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ትክክለኛው ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት፣ መኪና አልተገኘም፣ እንግዶች ደርሰውብናል። አንድ ሰው «የርብ ወንዝ አሸዋ ምን አለው? ቤት የሚሠራበት አይደል?» አለኝ። ተስማማሁ። በበርሜል ስምንት ጊዜ አጥበን ሞላነው። ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ስምንተኛው ላይም ቡናማ ነበር፤ አይቼው ተውሁት።

የግንባታ አሸዋ ለኮንክሪት መልካም የሚሆነው ደቃቁም ሸካራውም ስላለበት ነው፤ ትንሹ ፍሬ በትልቁ መካከል ገብቶ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ማጣሪያ ውስጥ ያው መደፈን ጥፋት ነው። የማጣሪያው አሸዋ ሲሊካ ነው፤ ዛሬ የገባው ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊሜትር፣ ፍሬው ሁሉ ተቀራራቢ፣ ጠርዙ ገና ያልተሟጨ። ውሃው በፍሬዎቹ መካከል ያልፋል፣ ቆሻሻው በጠርዙና በክፍተቱ ይያዛል። ከርብ ያመጣሁት ግን ከፎገራ ሜዳ ያለውን ሸክላ አፈር ይዞ መጥቷል። በነሐሴ ርብና ጉማራ ጣናን የሚያቀሉበት ያው አፈር ነው፤ ከጀልባ ላይ ሆኖ ላየው ሰው የሐይቁ ውሃ የሻይ ወተት የሚመስልበት ወቅት አለ። ያንን በገዛ እጄ ጋን ውስጥ ከትቼ «አጣራ» አልሁት።

ከሥሩ ስንደርስ ጣሳውን ትተን በእጃችን ጠረግን፤ እግሮቹ በቀላሉ ይሰበራሉ። ከስምንቱ አንዱ ተሰንጥቋል። ገንዳው ወለል ላይ፣ ውሃው ከሚመለስበት ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ በየጊዜው የምጠርገው ቀጭን የአሸዋ መስመር ከዚህ ነው የመጣው። እኔ ልጆቹ በእግራቸው የሚያስገቡት ይመስለኝ ነበር። የተሰነጠቀውም ያን ጊዜ ባዶ ጋን ላይ ከላይ ስናወርድበት ይመስለኛል። እንደ ዕድል መለዋወጫ ሁለት እግር ከአሸዋው ጋር አብሬ አስመጥቼ ነበር።

ስለ ገንዘቡ የቦታውን ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸውን፣ ያነጋገርኋቸው በኅዳር ነው። አዲሱ አሸዋ ከነማጓጓዣው ሲሰሉት ደነገጡ። «አንተ ልጅ፣ አሸዋ አሸዋ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ስለ ሚሊሜትርና ስለ ባር ማስረዳት ጀመርሁ፤ አልሆነም። ቆይቶ «እትዬ፣ ጠላ ሲያጠሉ ማጥለያው ቶሎ ቶሎ ቢያወርድልዎ ምን ይላሉ?» አልኋቸው። አልቆዩም፦ «ተቀዷል እላለኋ! አተላው አብሮ እየወረደ ነዋ!» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ዝም ብለው ወደ ገንዳው አዩና «አምጣው በቃ» አሉኝ። ወር ሙሉ ያጣሁትን ነገር እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ጋኑን በንጹሕ ውሃ አጥበን እግሮቹን መለስን። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከረጢቱን አንስቶ ሊገለብጥ ሲል ያዝሁት። «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውሃ።» ጋኑን እስከ ግማሽ ሞላነው፤ አሸዋው ውሃው ላይ ሲወርድ እግሮቹን አይመታቸውም። የመሃሉን ቧንቧ አፍ በፌስታል ሸፍነን በፕላስተር አሰርነው፤ አንድ እፍኝ አሸዋ እዚያ ከገባ ቀጥታ ገንዳ ውስጥ ነው የሚያርፈው። ማስክ አድርገን፣ ባለ 25 ኪሎውን ስድስት ከረጢት ቀስ እያልን አወረድን። የሲሊካ አቧራ ለሳንባ አይሆንም፤ ልጁ ሞቀኝ ብሎ ማስኩን ሁለት ጊዜ ሲያወርድ ሁለት ጊዜ ተቆጣሁት፣ አላዝንም። ፊቱን አስተካክለን፣ ፌስታሉን አንስተን፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጉን፣ የሲሊኮን ግራሶ ቀብተን ዘጋን።

ፓምፑን ልናስነሳ ስንል መብራት ጠፋ። አንድ ሰዓት ያህል ሐይቁ ዳር ተቀመጥን።

እዚያ ተቀምጬ ነው ልጅነቴ የመጣብኝ። ዋና የተማርሁት ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ነው። በ11 ዓመቴ ሆዴን እያመመኝ፣ ደም እያየሁ ለእናቴ መንገር አፍሬ ስንት ጊዜ ቆየሁ። ቢልሃርዚያ ነበር። ዳር ዳሩ ላይ ካለው ቀንድ አውጣ የሚወጣው ትል ቆዳ ሰርስሮ እንደሚገባ ያኔ ማን ነገረን? ፕራዚኳንቴል የሚባለውን መድኃኒት ዋጥሁና ዳንሁ። ልጄ እዚህ ገንዳ ውስጥ መዋኘት ስትጀምር ደስታዬ ከዚህ የመጣ ነው። እሷም ጓደኞቿም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ።

ይህን ሳስብ ግን ጥቅምት ላይ ያሉት ሁለት ቅዳሜዎች ይከብዱኛል። ውሃው ደፍርሶ ጥልቁ ክፍል ወለሉ አይታይም ነበር። የገንዳው ሥር ያለው የማፍሰሻ ወንፊት ከዳር ሆኖ ካልታየ ማንም መግባት የለበትም፤ ሕጉን አውቀዋለሁ። ሕፃን ሰምጦ ወለል ላይ ቢተኛ በዚያ ውሃ ውስጥ ማን ያየዋል? ሁለቱን ቅዳሜ «ነገ ይጠራል» እያልሁ አሳለፍሁ። ሦስተኛው ላይ ነው ጥልቁን በገመድ የዘጋሁት። ምንም አልደረሰም፤ ቢሆንም እነዚያን ሁለት ቀናት ለልጆቹ ወላጆች አልነገርኋቸውም። ቅዳሜ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ።

መብራት መጣ። ቫልቩን ባክዋሽ ላይ አድርጌ አስነሳሁ። (ፓምፑ እየሠራ ቫልቭ አይዞርም፤ ልጁን ሦስት ጊዜ አስደገምሁት።) ቫልቩ ላይ ባለችው የመስታወት ዓይን መጀመሪያ ነጭ ዱቄት ወጣ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ጠራ። ውሃው ወደ ማስረጊያ ጉድጓዱ ነው የሚሄደው፤ ክሎሪን ያለበትን ውሃ ዓሣ ወደሚረባበት ሐይቅ አልለቅም፣ ጉድጓዱን ያስቆፈርሁትም ለዚሁ ነው። አጥፍቼ አንድ ደቂቃ ማለቅለቂያው ላይ፣ እንደገና አጥፍቼ ማጣሪያው ላይ አዞርሁት። ጌጁ 0.7 ላይ ቆመ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፍሁ። ከዛሬ ጀምሮ በየጠዋቱ ከሥሩ እጽፋለሁ፤ ቢወጣም፣ ባይወጣም።

አሮጌውን አሸዋ በማዳበሪያ ሞላነው። እትዬ ለግቢው ኮብልስቶን ማንጠፊያ ይሁን ብለዋል።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ከልጁ ጋር ተመልሰን ሄድን። መብራቱን አብርቶ አንድ ብር ሳንቲም ጥልቁ ክፍል ውስጥ ጣለ፣ 2 ሜትር ከ10 ነው። ሳንቲሙ ወለሉ ላይ ሲያርፍ አየሁት፤ ወንፊቱም ይታያል።

«ጋሼ፣ አንበሳው ነው ላይ የሆነው ወይስ ሚዛኑ?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አልለየሁትም። ፓምፑ እየሠራ እንዲያድር ትተን ወጣን፤ ሳንቲሙም እዚያው አለ።