ለዳማው ማደሪያ ስፈልግ

ያለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አባዬ ጠራኝና ፈረሳችንን፣ "ዳማውን ውሰደው" አለኝ። ጉልበቱን ያመዋል። ወንዝ ወርዶ ማጠጣቱ፣ ሣር ማጨዱ፣ ማታ ማስገባቱ ከብዶታል። ፈረሱን ሊገዙ የመጡ ነበሩ። ሁሉም ለጋሪ ነው የፈለጉት። አባዬ አልሸጥም አለ።

ቤታችን አንጎለላ አካባቢ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተቀመጡባት፣ አፄ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አገር ናት። ምኒልክ "አባ ዳኘው" የሚባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር ያደገ ሽማግሌ ፈረሱን ለጋሪ ለመስጠት ልቡ እሺ አይልም። እኔም አልፈለግሁም። ዳማው ውርንጭላ ሆኖ ከባዝራይቱ ሥር ሲነሳ አይቻለሁ። ግንባሩ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቦቃ አለችው።

ችግሩ የምኖረው ደብረ ብርሃን በኪራይ ቤት መሆኑ ነው። ግቢው አምስት ቤተሰብ ይዟል። ፈረስ ቀርቶ በግ ለማሰር ቦታ የለም። ስለዚህ ከፍዬ የማሳድርበት ሰው መፈለግ ነበረብኝ። እኛ ጋ እንዲህ ያለው ሰው የሚገኘው በሰው በሰው ነው።

የመጀመሪያውን ቦታ የመረጥኩት በሁለት ቀን ነው። ከቤቴ የ10 ደቂቃ መንገድ ነው። ጋጡ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ በሩ ቀለም ተቀብቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ቀጠሮ ይዤ ሄድኩ። ሁሉ ነገር ተጠርጎ ነበር። ባለቤቱ ሻይ ጋበዘኝ። "እንደ ልጄ ነው የማየው" አለኝ። ዋጋውም ደህና ነው። ተስማማሁ።

ያየሁት ቤቱን ነው። እዚያ የነበሩትን ሦስት ፈረሶች ጠጋ ብዬ አላየኋቸውም። አንዷ ባዝራ አንገቷን ደፍታ ጥግ ይዛ ቆማ ነበር። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ሰኔ ላይ ዳማው ገባ። በየቅዳሜው እየሄድኩ አየዋለሁ። ተቦርሾ ነው የሚጠብቀኝ። አባዬ በየሁለት ቀኑ ይደውላል። "ደህና ነው ወይ?" አይልም። "ምን በላ?" ነው የሚለው።

"ድርቆሽ" እለዋለሁ።

"ስንት?"

"በቂ ነው።"

ዝም ይላል። ስንት እንደሚበላ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ረቡዕ ከሥራ በፊት ሳይጠብቁኝ ጎራ አልኩ። ዳማው ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆሟል። ደረቱን በእጄ ስዳስሰው ጸጉር የለም። ከትከሻ እስከ ትከሻ ሦስት ጣት ስፋት ያለው መስመር ተልጧል። ከሥሩ ላብ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። ኮርቻ እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ አያደርግም። የጋሪ ማሰሪያ ነው። የሚጠብቀውን ልጅ ጠየቅሁት። ገና ጢም ያልነካው ልጅ ነው። መሬት መሬት እያየ "በገበያ ቀን ይወጣል ጋሼ" አለኝ።

የፊት እግሩን አነሳሁ። ከሰኮናው ሥር ያለው ለስላሳ ክፍል ጠቁሮ ረጥቧል፣ ሽታው ራስ ያዞራል። ሲሚንቶው ለሰው ዓይን ያምራል፤ ጉዝጓዝ ካልተደረገበትና በየቀኑ ካልተጠረገ ግን ሽንት ይተኛበታል። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ላይ ነው የቆመው። ባለቤቱን ስጠይቀው "ቆሞ ከሚውል ይንቀሳቀስ ብዬ ነው" አለኝ። የዚያን ቀን ማታ አባዬ ሲደውል ስልኩን ማንሳት አቃተኝ።

በማግስቱ ዳማውን ይዤ አገር ቤት ተመለስኩ። የጎረቤታችን ልጅ ለጥቂት ጊዜ ሊይዝልን ተስማማ። እኔ ደግሞ እንደ አዲስ መፈለግ ጀመርኩ። አሁን አልቸኮልኩም። መጀመሪያ የሄድኩት ሰኮናውን ያከመልኝ የእንስሳት ሐኪም ጋ ነው። "የምትሄድበትን ሰዓት ቀይር" አለኝ። "ሲነጋ ሂድ። ሌሊቱን ምን እንዳደሩ የምታየው ያኔ ነው።" ከዚያ ባለጋሪዎቹን ጠየቅሁ። የትኛው ግቢ ፈረስ እንደሚከሳ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ማን ደግ እንደሆነም አይደብቁም።

አራት ቦታ አየሁ። ሁለቱን ከበር ነው የተመለስኩት። አንደኛው በሩ ከእንጨት ፍልጥ የተሠራ ነው፣ ከሥሩ ክንድ የሚያሾልክ ክፍተት አለው። እዚህ አገር ጅብ ሌሊት ከተማ መሃል ይገባል። እንዲህ ባለ በር ውስጥ ፈረስ አስቀምጬ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሌላኛው ግቢ ውስጥ ፌስታልና ሽቦ ተበትኗል። ፈረስ አንዴ የዋጠውን ማስመለስ አይችልም። ፌስታል አንጀቱን ከዘጋው በሆድ ቁርጠት ይሞታል።

ሦስተኛው የወተት ላሞች እርባታ ነው። ይሄኛው አማልሎኝ ነበር። መኖው በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል፣ ሠራተኞቹ ጨዋ ናቸው። ግን ፈረሱንም ከላሞቹ መኖ ነው የሚያበሉት። ከቢራ ፋብሪካ የሚመጣውን እርጥብ የብቅል ተረፈ ምርትም ይጨምሩለታል። ሐኪሙን ደውዬ ጠየቅሁት። ፈረስ ላም አይደለም አለኝ። ጨጓራው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው መብላት ያለበት። ድርቆሹ ካልቀደመ እህልና ፉርሽካ ብቻውን ሆዱን ይነፋዋል፣ ሰኮናውንም ያሳምመዋል። እርጥቡ ብቅል ሲሰነብት ይበላሻል። ለላም መኖ ከሚጨመሩት ነገሮች ውስጥ ደግሞ ፈረስን የሚገድል አለ። ሰዎቹን አመስግኜ ወጣሁ።

በየሄድኩበት የጋጡ በር ሁሉ የሚዘጋጋበት ምክንያትም ያኔ ገባኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰው ለፈረሱ አዝኖ ጋጡን በላስቲክና በጭቃ ድፍን ያደርገዋል። ውስጥ ሲገቡ ሽንቱ ዓይን ያቃጥላል። ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው፤ ያ አየር ሳንባውን ይጎዳዋል። ጸጉሩ ደረቅ ከሆነ ብርዱን ይችለዋል። የማይችለው እርጥበቱንና የታፈነውን አየር ነው። አሁን ጋጥ ስገባ በመጀመሪያ የማደርገው ጎንበስ ብዬ ፈረሱ የሚተኛበት ከፍታ ላይ መተንፈስ ነው። ዓይኔ እንባ ካቀረረ ሌላውን ማየት አያስፈልገኝም።

አራተኛዋን የጠቆመኝ አንድ ባለጋሪ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ግቢ ናት። ባለቤቷን እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ኅዳር ላይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ደረስኩ። መሬቱ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። እትዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገንዳው ላይ የረጋውን በረዶ በዱላ ይሰብራሉ። የድንጋይ ካብ ነው፣ ጣሪያው ሣር ነው፣ ምንም አያምርም። የገቡት ሁለት ፈረሶች ግን ድምፃቸውን ሲሰሙ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው አንገታቸውን አወጡ።

ዝም ብዬ ቆሜ አየኋቸው። ድርቆሹን ከክምሩ መዘዙ። ወዲያው አልሰጡም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ወደ ክምሩ አስገብተው መሃሉን ዳሰሱ። ጭብጥ አድርገው አወጡና አፍንጫቸው ሥር ያዙት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ዘርዝረው ነፋስ ላይ አራገፉት። አቧራ ሲወጣ ያንን እስር ወደ ጎን ጣሉት። "ይሄ መሃሉ ሞቋል፣ ይሻግታል" አሉኝ፤ ገና ሰላም እንኳ አልተባባልንም። ቀጥሎ ፋንድያውን በጫማቸው ጫፍ ፈረከሱት። ያልተፈጨ የገብስ ፍሬ ካለበት ፈረሱ ጥርሱን እንደሚያመው ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሐኪሙም በኋላ እውነት ነው አለኝ።

እኔ ልጠይቅ ሄጄ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ዕድሜው ስንት ነው? ምን ይፈራል? ውሻ ያባርራል? ከሌላ ፈረስ ጋር ይራገጣል? መቼ ነው የትል መድኃኒት የወሰደው? ክትባትስ? እስካሁን ምን ሲበላ ቆየ? የመጀመሪያው ሰውዬ ከነዚህ አንዱን እንኳ አልጠየቀኝም ነበር። የጠየቀኝ መቼ እንደምከፍል ብቻ ነው። እትዬ ስለ ገንዘብ ያነሱት በመጨረሻ ነው።

ውል ተፈራረምን። በእጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ጎረቤት ምስክር ሆኖ። እትዬ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር፤ "ቃል አይበቃም እንዴ?" አሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የዳማውን ደረት ሲሰሙ "እኔን!" ብለው ራሳቸው እስክሪብቶ ፈለጉ። ያለ እኔ ፈቃድ ማንም አይጭነውም፣ አይጋልበውም፣ ለማንም በውሰት አይሰጥም። ቢታመም እኔ ስልክ ባላነሳ እንኳ ሐኪም ይጠራል፣ ወጪው የኔ ነው። ድርቆሹን እኔ እገዛለሁ፣ እሳቸው የሚቀበሉት የልፋታቸውን ነው። ይሄ የመጨረሻው በጣም ጠቅሞናል። ቀላቢው ከመኖ የሚያተርፍ ከሆነ የፈረሱ መኖ ባነሰ ቁጥር የሱ ኪስ ይሞላል። ድርቆሽም ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው የሚገዛው። ግንቦት ላይ የሚፈልግ ሰው ዋጋው ሰማይ ነክቶ፣ ሣሩም ዝናብ ነክቶት ነው የሚያገኘው።

ልኩንም ያኔ ነው ያወቅሁት። የኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው። እንደ ዳማው 250 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ውኃ ደግሞ ቢያንስ አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን፣ ከሠራ ከዚያም በላይ። አባዬ "ስንት?" ሲለኝ የከረመው ይሄንን ነው።

መጀመሪያ ሲገባ እትዬ ከሁለቱ ፈረሶች ለይተው ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ በሽታ ይዞ እንደሆነ ይታይ ብለው። ከአገር ቤት የመጣውን ሣር ከአዲሱ ጋር እየቀላቀሉ በ10 ቀን ነው ያለመዱት። እኔ ከስቷል ብዬ ጎድኑ ቶሎ እንዲሞላ ግማሽ ኩንታል ገብስ ጭኜ መጣሁ። እትዬ ጆንያውን አዩትና "አንተ ልጅ፣ ልትገድለው ነው?" አሉ። በቀን ግማሽ ጣሳ ብቻ፣ እሱንም ተከክቶ፣ ከድርቆሹ በኋላ። የቀረው እስከ የካቲት በላነው፤ እሳቸው ቆሎ እየቆሉ፣ እኔ በሄድኩ ቁጥር እየቆረጠምኩ።

እዚያ ጋ ለመድረስ ከቤቴ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። ዝናብ ሲሆን መንገዱ ጭቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ቅርበትን ዋና ነገር አድርጌው ነበር። አሁን ሳምንት ሁለት ቀን ነው የምሄደው፣ ቀኑን ግን አልናገርም። እትዬም አይጠይቁኝም። ስደርስ ያው ናቸው፤ ወይ ሰኮና ያነሳሉ፣ ወይ ጉዝጓዝ ይለውጣሉ።

ለጥምቀት አባዬ መጣ። በዱላው እየተደገፈ ጋጡ ውስጥ ገባ። ዳማው አሸተተው፣ ጋቢውን ነክሶ ጎተተው። የደረቱ ጸጉር በቅሏል፤ ከሌላው ትንሽ ይነጣል። አባዬ እዚያ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ መዳፉን ጎድኑ ላይ አድርጎ ዝቅ፣ ዝቅ አለ። ዘወር ብሎም እትዬን "ምን በላ?" አላቸው። እሳቸውም ከጠዋቱ ጀምረው እስከ ማታ፣ የሣሩን ዓይነት፣ የጀሪካኑን ቁጥር፣ የገብሱን ልክ፣ ትናንት ያስተረፈውን ሳይቀር ነገሩት። አባዬ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ።

ከዚያ ወዲህ ሲደውልልኝ ስለ ጤናዬና ስለ ሥራዬ ነው የሚጠይቀኝ። "ምን በላ?" ለማለት የሚደውለው ለእትዬ ነው።